ነጩን ቦታ ማን ቀባው?

ሥዕሉ ቆንጆ ነበር። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገለው። ከዳር ለስለስ ያለ ቢጫ፣ ወደ መሃል እየጠቆረ የሚሄድ ብርቱካናማ፣ ከዚያ አንድ ጥግ ላይ እንደ ፍም የቀላ። በትልቅ ወረቀት ታትሞ ኮሪደሩ ላይ ሲሰቀል ሰው ሁሉ ሻዩን እንደያዘ ቆም ብሎ ያየው ነበር። "አንተ ነህ የሠራኸው?" ሲሉኝ ትከሻዬን ሰበቅ አድርጌ "ኧረ አር ነው የሠራው" እላለሁ። አር ያልኳቸው የምጠቀምበትን የስታቲስቲክስ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። ትሕትና መስሎኝ ነበር። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ግን ያቺው መልስ ናት።

ካርታው ስለ ውሃ ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ ከመቂ እስከ ዝዋይና ከዚያም ወዲያ ባሉ የውሃ ጉድጓዶች ውስጥ ስላለው ፍሎራይድ። እኔ የጂኦሎጂ ሰው አይደለሁም፤ ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ለጥቂት ወራት ቀጥሮኝ ነበር። የመስክ ሠራተኞች የሰበሰቡትን የ64 ጉድጓዶች ውጤት በኤክሴል ሰጡኝና "እስቲ አንድ ዓይን የሚገባ ነገር አድርግልን" አሉኝ። አደረግኩላቸው። የፈጀብኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ከሳምንት በኋላ ከመስክ መኪና ሹፌሮች አንዱን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸውን ሽበታም ሰው፣ ካርታው ፊት ቆመው አገኘኋቸው። ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳርፈዋል።

"ይሄ ምንድነው የኔ ልጅ?"

"የፍሎራይድ መጠን ነው ጋሼ። ቀይ ከሆነ ብዙ ነው፣ ነጣ ያለ ቢጫ ከሆነ ትንሽ ነው።"

"እዚህ ጋስ?"

"እዚያ ጋማ ትንሽ ነው። ደህና ነው ማለት ነው።"

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ፈገግ አሉ። ፈገግ ያሉት ግን ደስ ብሏቸው አይደለም፣ ጥርሳቸውን ሊያሳዩኝ ነው። ቡናማ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ጠልቆ የገባ ነጠብጣብ አለው። በየቀኑ "እንዴት አደሩ" የምላቸው ሰው ናቸው፤ ጥርሳቸውን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

"እዚህ ነው ተወልጄ ያደግኩት" አሉኝ፣ ጣታቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ።

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ጥርስ ያውቀዋል። የአካባቢው ዓለት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፤ ውሃው ከሥር በዚያ ዓለት ውስጥ ብዙ ዘመን ሲመላለስ ፍሎራይዱን ይዞ ይወጣል። ጥርስን የሚጎዳው ጥርስ ገና ድድ ውስጥ በሚሠራበት ዕድሜ ነው፤ በልጅነት ማለት ነው። አዋቂ ሆኖ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ያንኑ ውሃ ቢጠጣ ጥርሱ ላይ አይታይበትም። ስለዚህ ቡናማ ጥርስ እንደ መታወቂያ ነው፤ የት እንዳደግክ ይናገራል። መጠኑ በጣም ከፍ ብሎ ለብዙ ዓመት ከተጠጣ ደግሞ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ ወገብና ጉልበት አልታጠፍም ይላል። በወንጂ የስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ ይህ ከታየ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ማፍላት አይጠቅምም። ውሃው ይተናል እንጂ ፍሎራይዱ አይሄድም፤ እንዲያውም ይወፍራል።

ወንበሬ ላይ ተመልሼ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አየሁ። ጋሼ ጣታቸውን ያሳረፉበት ቦታ ላይ የተለካ ጉድጓድ የለም። በቅርብ ያሉት ሁለት ናቸው፤ አንዱ በሊትር 1.6 ሚሊግራም፣ ሌላው 1.9። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን 1.5 ነው። ሁለቱም ያልፉታል። እኔ ደግሞ "ደህና ነው" ብያለሁ። ኤክሴሉን ከመስክ ቅጾቹ ጋር አመሳከርኩ፣ ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። አንድም የተሳሳተ ቁጥር አላገኘሁም። ስህተት ባገኝ እንዴት ደስ ባለኝ!

ነገሩ እንዲገባችሁ መሣሪያውን ላስረዳ። ፊልድ ኮንቱር የሚባለው የአር ትእዛዝ ማትሪክስ ይወስዳል፤ ረድፍና ዓምድ ያለው የቁጥር ሠንጠረዥ በሉት። እኩል ቁጥር ያለባቸውን ቦታዎች በመስመር ያያይዛል፤ በመስመሮቹ መካከል ያለውን በቀለም ይሞላል። አር የተማረ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚስልበት ተራራ አለ፤ ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ከተማ ውስጥ ያለው ማውንጋዋው የሚባል የእሳተ ገሞራ ጉብታ። አር ራሱ የተወለደው እዚያው ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ)፣ በሮስ ኢሃካና በሮበርት ጄንትልማን እጅ። የተራራውን ከፍታ ከመልክዓ ምድር ካርታ ላይ ወደ ቁጥር የገለበጠው ኢሃካ ነው፤ 87 ረድፍ በ61 ዓምድ፣ በድምሩ 5,307 ቁጥር፣ የፍርግርጉ ርቀት 10 ሜትር በ10 ሜትር። አር የተጫነበት ኮምፒውተር ውስጥ ሁሉ ይህ ተራራ አብሮ ተቀምጧል። የማላውቀው አገር ተራራ ነው፣ ግን ከእንጦጦ ይልቅ ቅርጹን አስታውሰዋለሁ። መመሪያው ላይ ታዲያ ማንም የማያነባት አንዲት አጭር ማሳሰቢያ አለች፤ እነዚህ ቁጥሮች ትክክለኛ ተደርገው እንዳይወሰዱ የምታስጠነቅቅ።

ማውንጋዋው ላይ ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቁጥር አለ። እኔ ያለኝ 64 ጉድጓድ ነው፣ እሱም እዚህና እዚያ የተበተነ። 64 ነጥብ ማትሪክስ አይሆንም። ስለዚህ አካባቢውን በ100 በ100 ፍርግርግ ከፈልኩትና ባዶዎቹን ሳጥኖች ኮምፒውተሩ በቅርብ ካሉት ጉድጓዶች እየተበደረ እንዲገምት አደረግኩ፤ ቅርቡ ብዙ ያበድራል፣ ሩቁ ትንሽ። 10,000 ሳጥን ሞላ። ከነዚያ ውስጥ ሰው በእግሩ ሄዶ፣ በጠርሙስ ቀድቶ፣ ለላቦራቶሪ ያስረከበባቸው ቢበዛ 64 ናቸው። የቀሩት 9,936 ግምት ናቸው። ካርታው ላይ ግን የተለካውም የተገመተውም ያው ቀለም ነው። ግምት ቀለሙ አይደበዝዝም።

እዚህ ላይ አንድ የምናዘዘው ነገር አለኝ። መጀመሪያ የሞከርኩት የግምት ዘዴ ጨዋ ነበር፤ ከጉድጓዶቹ ክልል ውጪ ያለውን ቦታ ባዶ ይተወዋል። ፊልድ ኮንቱር ባዶ ሲያጋጥመው አይቀባም፣ ነጩን ወረቀት እንዳለ ይተወዋል። የወጣው ሥዕል ዳር ዳሩ የተቀደደ ጨርቅ ይመስል ነበር። አስጠላኝ። ሌላ ዘዴ ፈለግኩ፤ እሱ እስከ ጥግ ድረስ ሞላልኝ። የጋሼ መንደር ያለችው እዚያ ነጩ ቦታ ውስጥ ነበር። "አናውቅም" የሚለውን ቦታ "ደህና ነው" ወደሚል ቢጫ የለወጥኩት ሥዕሉ እንዲያምርልኝ ብዬ ነው። ሌላ ምንም ምክንያት የለኝም።

ሌላው ጥፋት መስመሮቹ የት ይሰመሩ የሚለው ነው። እኔ ምንም አልነገርኩትም፤ ዲፎልቱን ነው የተውኩት። ዲፎልቱ ወደ 20 የሚጠጋ ደረጃ ይፈልጋል፣ ቦታቸውን የሚመርጠው ደግሞ ስሙ ራሱ "ፕሪቲ" የሚባል ትእዛዝ ነው፤ ቆንጆ እንደማለት። ቀልድ አይደለም። ፕሪቲ ትንሹንና ትልቁን ቁጥር ያይና ለዓይን የሚመቹ ድፍን ቁጥሮችን ይመርጣል። የኔ ትንሹ 0.4፣ ትልቁ 21.6 ነበር፤ ስለዚህ ከ0 እስከ 22 በ1 በ1 ከፈለው። 1.5 የትም የለም። 1.1 የሆነውም 1.9 የሆነውም አንድ ቀለም ውስጥ ገቡ። በዚያ ላይ 21.6 የሆነ አንድ ጉድጓድ ብቻውን ቀዩን ሁሉ ወደ ራሱ ሳበው፤ ከ3 በታች ያለው አገር በሙሉ ተለይቶ በማይታይ ነጣ ያለ ቢጫ ተቀባ። አንድ በጣም የታመመ ሰው ክፍሉ ውስጥ ስላለ ሌሎቹን ጤነኛ ናችሁ እንደማለት ነው።

ታዲያ ዋሽቻለሁ? ለብዙ ቀን ይህን ሳመላልስ ነበር። ውሸት ማለት ሐሰት መሆኑን የምታውቀውን ነገር እውነት ነው ብለህ ስትናገር ነው። እኔ ሐሰት የሆነ ቁጥር አልተናገርኩም፤ ለማታለልም አላሰብኩም። በዚህ ሚዛን ንጹሕ ነኝ። ግን ጋሼ ካርታው ፊት ቆመው ያገኙት ሐሳብ ሐሰት ነው፤ ያን ሐሳብ የሰጣቸው ደግሞ የኔ ሥራ ነው። ፍርድ ቤት ውስጥ የሚጠየቀው ምስክር "የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው" ሲል አንዳንዴ ዳኛው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ "ያልተናገርከውስ?" እኛ ግን ያልተናገርነውን ባዶ አንተወውም፤ ቀለም እንቀባዋለን። አፉን የዘጋ ሰውና ባዶውን ቦታ ቀብቶ የሸፈነ ሰው ጥፋታቸው አንድ አይመስለኝም።

"አር ነው የሠራው" ያልኩት መልስ እዚህ ላይ ነው የሚያንቀኝ። ዲፎልት የሚለው ቃል እንደ ዝናብ ከሰማይ የሚወርድ ነገር አስመስሎታል። ዲፎልት እኮ ሌላ ሰው፣ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ጊዜ ያደረገው ምርጫ ነው። ያ ሰው ስለኔ ጉድጓዶች አያውቅም። ፕሪቲን የጻፈው ሰው 1.5 የሚባል ወሰን እንዳለ እንዲያውቅ አይጠበቅም፤ እሱ ያሰበው ገና ቁጥሩን ለማየት ለሚሞክር ሰው ነው፣ ኮሪደር ላይ ለሚሰቅል ሰው አይደለም። ማሳሰቢያውንም ተራራው ሥር አስቀምጧል። ምርጫውን ሳልመረምር ስቀበል የእሱ ምርጫ የኔ ይሆናል። የሰው ልብስ ለብሼ ወጥቼ "ልኩ አይደለም" ብባል ጥፋቱ የሰፊው አይደለም።

ዲፎልት ሰው የሚቀይረው ነገር ለመሆኑ ማስረጃው ራሱ መቀየሩ ነው። ፊልድ ኮንቱር ለረጅም ዓመታት የሚቀባው ከውሃ ሰማያዊ ተነስቶ በነጭ አልፎ ወደ ሐምራዊ ሮዝ በሚሄድ ቀለም ነበር። ነጩ ሁልጊዜ ቁጥሮቹ መሃል ላይ ይወድቃል፤ እዚያ ምንም የተለየ ነገር ባይኖርም ዓይን ድንበር ያያል። አሁን ያለው ከነጣ ቢጫ ወደ ቀይ የሚሄደው ነው። የሚገርመው፣ ያን ተራራ ወደ ቁጥር የገለበጠው ኢሃካ ራሱ በ2003 ለሥዕላዊ መረጃ ቀለም በዓይናችን አሠራር ይመረጥ ብሎ የጻፈ ሰው ነው። ማትላብ በ2014 የቀስተ ደመናውን ቀለም ከዲፎልትነት አነሳ፤ በፓይተን የሚሠራው ማትፕሎትሊብም በ2017 ወደ ቪሪዲስ ዞረ። ቀስተ ደመና ሲያዩት ደስ ይላል፤ ችግሩ ቢጫው ከሁሉም በላይ ስለሚያበራ በሌለ ቦታ ጠርዝ ይፈጥራል፣ አረንጓዴው ደግሞ የኖረውን ልዩነት ይውጠዋል። ቀይና አረንጓዴ ለማይለይ ሰው፣ ዘራቸው አውሮፓዊ ከሆነ ወንዶች መካከል ከ100 ወደ 8 ያህሉ እንዲህ ናቸው፣ ጭራሽ ሌላ ሥዕል ነው። በ2011 ሚሼል ቦርኪንና ባልደረቦቿ ሃርቫርድ ውስጥ የልብ ደም ሥር ሥዕሎችን ለሕክምና ተማሪዎች አሳይተው ነበር፤ ቀስተ ደመናው ለዓይን በሚስማማ ቀለም ሲተካ የምርመራ ስህተቱ ቀነሰ። ደም ሥሩ ያው ነው። ቁጥሩም ያው ነው።

አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ በ2013 መጀመሪያ የሙቀት ትንበያው ከቀለም መፍቻው አልፎ ሄደ። ካርታቸው የሚያበቃው 50 ዲግሪ ላይ ነበር። የሜትሮሎጂ ቢሮው ወይን ጠጅና ሮዝ ጨምሮ እስከ 54 አደረሰው። ከዚያ በፊት የነበረው መፍቻ ምን ይል እንደነበር አስቡት፤ "ከዚህ በላይ የሚሆን ነገር የለም" ይል ነበር፣ ማንም ሳይናገረው።

መስመር ማስመር ራሱ ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። እኛም እኮ ጥንት የተከፈለ ካርታ ነበረን። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ። ትምህርት ቤት በቁጥር ነው የተማርነው፤ 1,500 ሜትር፣ 2,300 ሜትር፣ ከ3,300 በላይ ውርጭ። ፈተና ላይ ይመጣል ብለን ሸመደድነው። ገበሬው ግን ሜትር ይዞ አልለካም። ማሽላ የሚበቅልበትን፣ ጤፍ የሚያምርበትን፣ ከገብስ ሌላ የማይሆንበትን አይቶ ነው የከፈለው። መስመሩ የተሰመረው ምድሩ ራሱ ጠባዩን በሚቀይርበት ቦታ ነው፤ ድፍን ቁጥር ያልነው እኛ ነን፣ በኋላ። አዲስ አበባን ውሰዱ፤ ከአቃቂ ወደ ሰሜን ስትወጡ 2,300ን የሆነ ቦታ ላይ ትሻገራላችሁ፣ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ 2,334 ላይ ነው። ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ "አሁን ደጋ ገባን" ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ያም ሆኖ ክፍፍሉ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም ምን ልዝራ ለሚል ሰው መልስ ይሰጣል። የፕሪቲ መስመሮች ለማን ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ? ለማንም። ለዓይን።

ስለዚህ 1.5ን መስመር ላድርግ፣ ነገሩ አለቀ አልኩ። አላለቀም። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጓደኛዬ፣ ነገር መሰንጠቅ የሚወድ፣ "እሺ፣ 1.49 የሆነው ጉድጓድስ?" አለኝ። ሳቅኩበት፣ ግን ያዘኝ። ውሃው ወሰን መሻገሩን አያውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ አገሮች የየራሳቸውን ወሰን ሲያወጡ የአየሩን ሙቀትና ሰው በቀን የሚጠጣውን የውሃ መጠን እንዲያስቡበት ይመክራል። ስምጥ ሸለቆ ሞቃት ነው፤ እርሻ ላይ የዋለ ሰው በቀን የሚጠጣው ውሃ ቢሮ ከምቀመጠው ከኔ ጋር አይወዳደርም። ቡናውም ወጡም ከዚያው ውሃ ነው። ለእሱ 1.4 ለኔ 2 ሊሆን ይችላል። ትክክለኛ የምንለው መስመርም የሰው ውሳኔ ነው ማለት ነው፤ ከፕሪቲ የሚለየው ውሳኔው ምክንያት ያለውና የወሰነውም የሚታወቅ መሆኑ ነው። ምክንያት ካለው መከራከር ይቻላል። ከዲፎልት ጋር ማን ይከራከራል?

ስለ መስመር ሳነብ ያገኘሁት አንድ ነገር ከሁሉ በላይ ልቤ ውስጥ ቀርቷል። ኤድመንድ ሃሌይ፣ ያው የኮሜቱ ሃሌይ፣ በ1701 የአትላንቲክ ውቅያኖስን ካርታ አሳተመ። ኮምፓስ ከእውነተኛው ሰሜን በእኩል መጠን የሚያፈነግጥባቸውን ቦታዎች በመስመር አያያዘ፤ ከታተሙት የእኩል ዋጋ መስመር ካርታዎች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ፓራሞር በምትባል መርከብ ዞሮ ነው የለካው። መስመሮቹ እንደኔው ለስላሳ ናቸው፣ ውቅያኖሱን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣሉ። ልዩነቱ፣ ሃሌይ መርከቧ የሄደችበትንም መንገድ እዚያው ላይ ሳለው። አንባቢው ካርታውን ዘርግቶ "እዚህ ሄዷል፣ እዚህ ግን አልሄደም" ማለት ይችላል። ኮምፒውተር የለው፣ ዲፎልት የለው፤ ግን ያየውንና የገመተውን ለይቶ ሰጠ። እኔ 64 ጥቁር ነጥብ መጨመር አንድ መስመር ኮድ ነበር የሚፈልግብኝ።

ሁለተኛውን ካርታ ሠራሁ። መስመሮቹ 1.5፣ 3፣ 6፣ 10። ከ3 እስከ 6 የአጥንት ጉዳት ሊታይ የሚችልበት፣ ከ10 በላይ ደግሞ አካል የሚያጎብጥበት መጠን ስለሆነ ነው። እያንዳንዱን ጉድጓድ በነጥብ አስቀመጥኩ። ከማንኛውም ጉድጓድ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀውን ነጭ ተውኩት። ለምን 5? እኔ ነኝ የመረጥኩት። በዚያ አካባቢ ጎረቤት ጉድጓዶች እንኳ በጣም ሊለያዩ ይችላሉ፤ 2 ማለት ነበረብኝ ይሆናል። ግን 2 ብል ካርታው ከሞላ ጎደል ነጭ ይሆናል፣ ያን ለማሳየት ደግሞ ድፍረቱ አልነበረኝም። ምክንያቱን ከሥር ጻፍኩ።

ኃላፊዬ አልወደደችውም። አልፈርድባትም፤ ክርክሯ የዋዛ አልነበረም። "ነጭ የበዛበት ካርታ ይዤ ገንዘብ ልጠይቅ ብሄድ 'ገና አላወቃችሁም' ብለው ይመልሱኛል። የመጀመሪያውን ሳሳያቸው ግን ቀዩን አይተው ይደነግጣሉ። ደንግጠው በሚሰጡት ብር ውሃ ይጣራል። የትኛው ነው ለሰዎቹ የሚሻለው?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ካርታ ብሩ ቢመጣ የሚሄደው ወደ ቀዩ ነው፣ የጋሼ መንደር ቢጫ ናት። የተጎዳውን ለመርዳት ብለን ያሳመርነው ሥዕል ሌላውን የተጎዳ ከሰልፉ ያስወጣዋል። እሷ ደግሞ "ሁለተኛውን ብናሳይ ሁሉም ከሰልፉ ይወጣል" ትላለች። ይህ ክርክር በቀለም የሚፈታ አይመስለኝም።

ጋሼን ጠርቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት። ከነጥቦቹ አንዱን አወቁት፤ ባለፈው ዓመት እሳቸው የነዱት መኪና ጭቃ ውስጥ የገባበት ቦታ ነው። ከዚያ ጣታቸው ወደ መንደራቸው ሄደ።

"እዚህ ጋ ቀለም አለቀባችሁ?"

"አልለካነውም ጋሼ። ስለማናውቀው ነው ነጭ የተውኩት።"

"እና መቼ ነው የምትሄዱት?"

የመጀመሪያው ካርታ ላይ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ የመስክ ፕሮግራም የማወጣው እኔ አይደለሁም። "እጠይቃለሁ" አልኳቸው። ጠየቅኩም። በሚቀጥለው ዙር ይታያል ተባልኩ። ውሌ ያለቀው ከሚቀጥለው ዙር በፊት ነው።

ከአንድ ዓመት በኋላ ለሌላ ሥራ ወደ አንድ ስብሰባ ሄጄ ነበር። ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ስልኬን እየነካካሁ ሳለ ቀና ስል ፕሮጀክተሩ ላይ ያ ቢጫ አለ። የኔው ካርታ፣ የመጀመሪያው፣ ከነመፍቻው። አቅራቢው በሌዘር እየጠቆመ "እንደምታዩት ችግሩ በዚህኛው ጥግ የተወሰነ ነው" ይላል። ከየት እንዳገኘው አላውቅም፤ ሥዕል አንዴ ከወጣ እንደ ወሬ ነው፣ ተመለስ ቢሉት አይመለስም። በሻይ ዕረፍት ሄጄ ራሴን አስተዋወቅኩ።

"ያ ካርታ የኔ ነው" አልኩት። "ስህተት አለበት።"

ደነገጠ፣ ስኒውን አስቀመጠ። "ቁጥሩ ተሳስቷል?"

"ቁጥሩስ አልተሳሳተም።"

"ታዲያ?"

ዕረፍቱ 15 ደቂቃ ነበር። ከጉድጓዶቹ ጀመርኩለት።